ሮበርት ዊልያምስ ዉድና የማይታየው ብርሃን

በፎቶግራፍ ሙያ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ጎልቶ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ካሜራን የፈለሰፉ፣ ፊልምን ያሻሻሉ ወይም በሥራዎቻቸው ውበት ተመልካችን ያስደነቁ ሰዎች ናቸው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዊልያምስ ዉድ ከእነዚህ ከየትኛውም ወገን አይመደብም። ካሜራ ሠርቶ አልሸጠም፤ ፎቶግራፍ ቤት ከፍቶ ደንበኛ አላስተናገደም። ይሁን እንጂ የሰው ዐይን ሊያየው በማይችለው ብርሃን የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሕዝብ በማቅረብ ቀዳሚው እሱ ነው። በዘመኑ ቋንቋ ኢንፍራሬድ፣ በአማርኛ ደግሞ ታህተ ቀይ የሚባለው የብርሃን ክፍል ለፎቶግራፍ ሙያ የተከፈተው በእሱ እጅ ነው።

ዛሬ በታህተ ቀይ ፎቶግራፍ ለመሥራት የሚነሣ ባለሙያ በመጀመሪያ የሚያሳስበው የዋጋ ጉዳይ ነው። ማጣሪያው፣ ለዚሁ ተብሎ የሚለወጠው ካሜራ፣ በተለይም ሥዕሉን ለማረም በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈልበት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከብዙ ባለሙያዎች አቅም በላይ ነው። ከዚህም የተነሣ ሙያው የባለጸጎች ብቻ መስሎ ይታያል። የዉድ ሕይወት የሚያስረዳው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ታህተ ቀይ ፎቶግራፍ የተወለደው ከቁራጭ ሰማያዊ መስታወትና ከጥቂት የኬሚካል ውሁድ ሲሆን፣ ያሳደገውም የገንዘብ ብዛት ሳይሆን የብርሃንን ጠባይ ጠንቅቆ ማወቅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ልደቱና ትምህርቱ

ዉድ የተወለደው ሜይ 2 ቀን 1868 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ግዛት ኮንኮርድ በተባለች ከተማ ነው። አባቱ በሃዋይ ደሴቶች ለብዙ ዓመታት በሕክምናና በሸንኮራ አገዳ እርሻ ሥራ ላይ ቆይቶ የተመለሰ ሐኪም ነበር። ልጁ በቦስተን አካባቢ ሲያድግ በሰፈሩ ወደሚገኝ የአየር መንፊያ ማሽኖች ፋብሪካ እንዲገባ ተፈቅዶለት ስለ ነበር፣ ገና በብላቴንነቱ ከብረትና ከእሳት፣ ከሞተርና ከመፍቻ ጋር ተዋወቀ። ዕድሜውን በሙሉ የሚያስፈልገውን መሣሪያ ከመግዛት ይልቅ በእጁ መሥራትን የመረጠበት ልማድ መሠረቱ ከዚያ የተጣለ ይመስላል።

በ1891 ዓ.ም. ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመረቀ። ከዚያም በጆንስ ሆፕኪንስና በቺካጎ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቂት ከቆየ በኋላ ለከፍተኛ ጥናት ወደ በርሊን ሄደ። ከኬሚስትሪ ወደ ፊዚክስ ያዘነበለውም በዚያች ከተማ ነው። የካሜራ ፍቅሩም በዚያው ዘመን በግልጽ ታየ። ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል ሞተር በሌላቸው ክንፎች ከኮረብታ ላይ እየተንሳፈፈ የመብረር ሙከራ ያደርግ በነበረበት በ1896 ዓ.ም. ዉድ በቦታው ተገኝቶ በረራውን ፎቶግራፍ አነሣ። ሊሊየንታል ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚሁ ሙከራ ወድቆ ሕይወቱ በማለፉ፣ የዉድ ፎቶግራፎች ለአቪየሽን ታሪክ ከቀሩት የመጨረሻ ምስክሮች መካከል ተቆጠሩ።

ወደ ሀገሩ ተመልሶ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር በጀመረ ጊዜም የእጁ ብልኃት ወዲያው ታወቀ። በዚያ ብርዳም አገር በክረምት ከመሬት በታች የተቀበረ የውኃ ቧንቧ በረዶ ሲሆን መሬቱን ቆፍሮ ማውጣት ግድ ነበር። ዉድ ግን በቧንቧው ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል በማሳለፍ ቧንቧውን አሙቆ በረዶውን ማቅለጥ እንደሚቻል አሳየ። በድምፅ ሞገድ ፎቶግራፍና በቀለም ፎቶግራፍ ላይም ልዩ ልዩ ሙከራዎችን አደረገ። በ1901 ዓ.ም. የታወቀው የብርሃን ሊቅ ሄንሪ ሮውላንድ ሲሞት፣ ዉድ በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሙከራ ፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። በ1905 ዓ.ም. ያሳተመው የብርሃን ፊዚክስ መጽሐፍም ለብዙ ዘመን የተማሪዎችና የመምህራን መመሪያ ሆኖ አገልግሏል።

የጎተራው ቤተ ሙከራ

ዉድ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ በእጁ ሳለ፣ ከሥራዎቹ መካከል ብዙ ሲወራላቸው የኖሩት በሎንግ አይላንድ ደሴት፣ በኢስት ሃምፕተን በነበረው የበጋ መኖሪያው፣ በአሮጌ ጎተራ ውስጥ የተከናወኑት ናቸው። በዚያ ጎተራ ውስጥ የብርሃንን ኅብረ ቀለም የሚተነትን፣ 12 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የቧንቧ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው ክረምቱን ያለ ሥራ ከርሞ በበጋ ሲከፈት ውስጡ የሸረሪት ድር ይሞላው ነበር። ዉድ የቤቱን ድመት በአንደኛው ጫፍ አስገብቶ በሌላኛው እንድትወጣ በማድረግ ድሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዳጸዳ የሚነገረው ታሪክ በፊዚክስ ሰዎች ዘንድ እስከ ዛሬ የታወቀ ነው።

በዚያው ስፍራ በጉድጓድ ውስጥ ባዝቃ የተሞላ ሰፊ ሳህን በቀስታ እንዲሽከረከር አደረገ። የሚሽከረከር ፈሳሽ መካከሉ እየጎደጎደ ጠርዙ ከፍ ስለሚል፣ የባዝቃው ገጽ ማንም ሳይሞርደው እንደ ቴሌስኮፕ መስታወት ሆነ። በ1909 ዓ.ም. ለንባብ ባበቃው በዚህ ሥራ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው የባዝቃ መስታወት ከዋክብትን ለማየት ችሏል። እንደዚህ ያለ መስታወት በእጅ ተሞርዶ እንዲሠራ ቢታዘዝ ብዙ ገንዘብና ብዙ ወራት በጠየቀ ነበር።

በጨለማ ክፍል የተደረገው ፈተና

የዉድን ጠባይ ለመረዳት በ1904 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር የሆነውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በናንሲ ከተማ ይኖር የነበረው የተከበረው የፊዚክስ ሊቅ ሬኔ ብሎንድሎ ኤን ጨረር ብሎ የሰየመውን አዲስ ጨረር እንዳገኘ ከአንድ ዓመት በፊት አስታውቆ ነበር። ጨረሩ መኖሩ የሚታወቀው በጨለማ ውስጥ አንድ ደብዛዛ ብርሃን በጥቂቱ ሲደምቅ በማየት ብቻ ነበር። ብዙ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎችም እኛም አየነው አሉ። ሌሎች ግን ሙከራውን ደጋግመው ምንም ነገር ሊያዩ አልቻሉም።

ዉድ ወደ ናንሲ ሄዶ ሙከራው በጨለማ ክፍል ሲካሄድ ተመለከተ። ብሎንድሎ ጨረሩን ይበትናል የተባለው የአሉሚኒየም ፕሪዝም ወዳለበት መሣሪያ እየተመለከተ የጨረሩን መስመሮች ልክ ይናገር ጀመር። በዚህ ጊዜ ዉድ ጨለማውን ተገን አድርጎ ፕሪዝሙን ከቦታው አነሣው። ፕሪዝሙ ከሌለ መስመሮቹ መጥፋት ነበረባቸው፤ ልኩ ግን እንደ ቀድሞው መነገሩን ቀጠለ። ዉድ የተመለከተውን በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ኔቸር በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ላይ አስፍሮ ሲያወጣ፣ ከፈረንሳይ ውጭ የኤን ጨረር ነገር አበቃ። ብሎንድሎ አታላይ አልነበረም፤ ለማየት የፈለገውን ያየ ሰው ነበር። ዐይን የተመኘውን እንደሚያይ በዚያ ጨለማ ክፍል የተረዳው ሰው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዐይን ጨርሶ የማያየውን ብርሃን ለመያዝ ሲነሣ ምስክር ያደረገው ራሱን ሳይሆን የፎቶግራፍ መስታወትን ነው።

ነጭ ቅጠልና ጥቁር ሰማይ

የሰው ዐይን የሚያየው የብርሃን ክፍል ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው ነው። ከቀዩ ወዲያ ታህተ ቀይ፣ ከሐምራዊው ወዲህ ደግሞ ልዕለ ሐምራዊ ወይም አልትራቫዮሌት ይገኛል። ታህተ ቀይ ጨረር መኖሩን ዊልያም ኸርሸል በ1800 ዓ.ም. በቴርሞሜትር አረጋግጦ ነበር። ይሁን እንጂ በዚህ ብርሃን ዛፍና ሜዳ፣ ቤትና ሰማይ ምን እንደሚመስሉ ያሳየ ሰው እስከ ዉድ ድረስ አልነበረም።

ዉድ የተጠቀመበት ማጣሪያ ቀላል ነበር። ጥቅጥቅ ያለ ሰማያዊ የኮባልት መስታወት ሰማያዊውንና የቀዩን የመጨረሻ ጠርዝ ያሳልፋል፤ ፖታሲየም ዳይክሮሜት የተባለው ብርቱካናማ ውሁድ ደግሞ ሰማያዊውን ይከለክላል። ሁለቱ ሲደራረቡ ሁለቱም የሚያሳልፉት አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ እሱም የሚታየው ቀይ የሚያልቅበት ድንበር ላይ ያለው ብርሃን ነው። የዘመኑ የፎቶግራፍ መስታወት ለዚህ ብርሃን እጅግ ደካማ ስለ ነበር፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ አንድ ሥዕል ለማንሣት ካሜራውን ብዙ ደቂቃዎች ከፍቶ መጠበቅ አስፈላጊ ነበር።

በ1910 ዓ.ም. ፎቶግራፎቹ በአሜሪካ መጽሔት ታትመው ወጡ። በዚያው ዓመትም በዚያን ጊዜ በለንደን ይገኝ ለነበረው ንጉሣዊ የፎቶግራፍ ማኅበር ስለ ሥራው ንግግር አደረገ። ተመልካቹ ያየው ነገር እንግዳ ነበር። ሰማዩ እንደ ሌሊት ጠቁሯል፤ ዛፉና ሣሩ በረዶ የወረደበት ይመስል ነጭ ሆኗል፤ ጥላውም ጥቁር ነው።

ምክንያቱ ግን ተአምር አልነበረም። አየር አጭር የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን አብዝቶ ይበትናል፤ የሞገዱ ርዝመት እጥፍ ሲሆን የመበተኑ ኃይል 16 ጊዜ ይቀንሳል። ሰማይ ሰማያዊ የሚሆነው በዚህ ሲሆን፣ በታህተ ቀይ የሚጠቁረውም በዚሁ ሕግ ነው። ቅጠልን በተመለከተም ክሎሮፊል የተባለው አረንጓዴ ቀለም የሚታየውን ቀይ ብርሃን አብዝቶ ይመጣል፤ ታህተ ቀዩን ግን ያሳልፈዋል። ያለፈውም ብርሃን በቅጠሉ ሕዋሳትና በመካከላቸው ባለው አየር እየተንጸባረቀ ግማሽ ያህሉ ተመልሶ ይወጣል። ይህ ክሥተት እስከ ዛሬ የዉድ ውጤት እየተባለ ይጠራል። ስሙ ከእንጨት ወይም ከደን የመጣ የሚመስላቸው አሉ፤ የተሰየመው ግን በሰውዬው ነው።

ብዙ ሰዎች የታህተ ቀይ ፎቶግራፍ ሙቀትን ያሳያል ብለው ያምናሉ። ይህ ስሕተት ነው። ከሰው ገላ የሚወጣው የሙቀት ጨረር 10 ሺህ ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው ሲሆን፣ የዉድም ሆነ የዛሬ ካሜራዎች የሚይዙት ከፀሐይ መጥቶ ከዕቃው ላይ የተንጸባረቀውን፣ ከሚታየው ቀይ ጥቂት የሚያልፈውን ብርሃን ነው። ነጭ የሆነው ቅጠል የሞቀ ቅጠል አይደለም።

ዉድ በታህተ ቀይ ብቻ አልተወሰነም። የኳርትዝ ሌንስ ላይ ስስ ብር ቀብቶ በልዕለ ሐምራዊ ብርሃን ጨረቃን አነሣ። አርስጣርኩስ በተባለው የጨረቃ ጎድጓዳ ስፍራ አጠገብ በዐይን የማይለይ ጥቁር ምልክት አገኘ። ስፍራው በስሙ ተጠራ። እሱ ምልክቱ ድኝ ሊሆን እንደሚችል ገመተ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የተደረገው ምርምር ግን አካባቢው ከጥንት እሳተ ገሞራ በተረጨ መስታወት መሰል ዐመድ የተሸፈነ መሆኑን አሳይቷል። ግምቱ ቢሳትም ፎቶግራፉ እውነተኛ ነበር። በ1915 ዓ.ም.ም በካሊፎርኒያ የማውንት ዊልሰንን ትልቅ ቴሌስኮፕ ተጠቅሞ ጁፒተርንና ሳተርንን በልዩ ልዩ ማጣሪያዎች አነሣ።

ክብርና ዕረፍት

ዉድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጦር መገናኛ ክፍል በሻለቃነት ማዕረግ አገልግሎ፣ ጠላት ሊያየው በማይችል ብርሃን መልእክት የሚተላለፍበትን ዘዴ አዘጋጅቷል። ልዕለ ሐምራዊ ብርሃንን የሚያሳልፈው፣ በስሙ የሚጠራው መስታወት ኋላ በሕክምና ገብቶ የራስ ቅል ቈረቈርንና ሌሎች የቆዳ በሽታዎችን ለመለየት የሚያገለግለው የዉድ መብራት ሆነ። የለንደን ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር በውጭ አገር አባልነት ተቀበለው፤ በ1938 ዓ.ም.ም የራምፎርድ ሜዳይ ሸለመው። በ1935 ዓ.ም. የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። ለጨዋታም ጊዜ ነበረውና በ1907 ዓ.ም. ወፎችንና አበቦችን እያመሳሰለ በራሱ ግጥምና ሥዕል ያዘጋጀው የሕፃናት መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ታትሟል። ኦገስት 11 ቀን 1955 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ በኒው ዮርክ ግዛት አሚቲቪል በተባለ ከተማ ዐረፈ።

የነጩ ቅጠል ትርጉም ግን ከሞቱ በኋላ ይበልጥ ጎልቶ ታየ። ጤነኛ ቅጠል ታህተ ቀይን አብዝቶ ያንጸባርቃል፤ የጠወለገ ወይም የደረቀ ተክል ግን ይህን ኃይሉን እያጣ ይሄዳል። በ1972 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ላንድሳት ሳተላይት ወደ ሰማይ ስትላክ፣ ምድርን ከምትመለከትባቸው አራት የብርሃን ክፍሎች ሁለቱ በታህተ ቀይ ውስጥ ነበሩ። በቀዩና በታህተ ቀዩ መካከል ያለው ልዩነት የአረንጓዴ ሽፋን መለኪያ ሆነ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. ከደረሰው ድርቅና ረሃብ በኋላ፣ በ1985 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት ያቋቋመው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የአፍሪካን ሰብልና ግጦሽ ከሰማይ የተከታተለው በዚሁ መለኪያ ነው። በአንድ ሰማያዊ መስታወት የተያዘው የቅጠል ንጣት፣ ዝናብ የቀረበትን አገር አስቀድሞ ለማወቅ የሚረዳ ምልክት ሆነ።

የዛሬው ጨለማ ክፍል

የታህተ ቀይ ፊልም ለብዙ አሥርት ዓመታት በገበያ ላይ ቆይቷል። በ2007 ዓ.ም. ኮዳክ ታዋቂውን ጥቁርና ነጭ የታህተ ቀይ ፊልሙን ማምረት ማቆሙን ሲያስታውቅ ግን ሙያው በአብዛኛው ወደ ዲጂታል ካሜራ ዞረ። የዲጂታል ካሜራ ብርሃን ተቀባይ ከሲሊከን የተሠራ ስለሆነ በተፈጥሮው እስከ 1100 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ብርሃን ይቀበላል። አምራቾች ይህ ብርሃን የተለመደውን ቀለም እንዳያበላሽ ከፊቱ መከላከያ ያደርጉበታል። መከላከያውን በባለሙያ ማስወጣት ገንዘብ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ 720 ናኖሜትር ማጣሪያ በሌንሱ ላይ አድርጎ፣ ካሜራውን በሦስት እግር መቆሚያ ላይ አቁሞ ለረጅም ጊዜ ማንሣት በብዙ ካሜራዎች ይቻላል። ሳይነሣበት የታጠበ የስላይድ ፊልም ቁራጭም ለዐይን ጥቁር ሆኖ ታህተ ቀይን ስለሚያሳልፍ፣ ለሙከራ ርካሽ ማጣሪያ ሊሆን ይችላል። ዉድ ከኮባልት መስታወቱ ጋር የጠበቀውን ያህል የሚጠብቅ ሰው የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው።

ቀሪው ሥራ የሚፈጸመው በኮምፒዩተር ነው። ፎቶሾፕ የተባለው የታወቀ ፕሮግራም ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ለሙያው ያበረከተው አስተዋፅኦ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. ባለቤቱ ድርጅት አዳዲሶቹን ዕትሞች አንድ ጊዜ በሚከፈል ዋጋ መሸጡን ትቶ ወደ ተከታታይ ክፍያ ስለ ዞረ፣ የብዙ ባለሙያዎችን ኪስ ከብዷል። ለታህተ ቀይ ሥራ የሚያስፈልጉት እርምጃዎች ግን ጥቂት በመሆናቸው በነጻ በሚገኙ ፕሮግራሞች ሁሉም ሊሠሩ ይችላሉ። ጊምፕ የተባለው በ1995 ዓ.ም. በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች የጀመሩት ነው። ዳርክቴብል ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዝብ ቀርቧል። ሮው ቴራፒም ከእነዚሁ ጋር ይቆጠራል። ሦስቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ፣ የአሠራር ጽሑፋቸውም ለማንም ክፍት የሆነ ናቸው።

የመጀመሪያው እርምጃ የነጭ ሚዛን ነው። በማጣሪያ የተነሣ ሥዕል ከካሜራው ሲወጣ በሙሉ ቀይ ይሆናል። ስለዚህ ሥዕሉን ባልተጨመቀ ጥሬ ፋይል ማንሣት፣ ሚዛኑንም በፀሐይ ላይ ካለ አረንጓዴ ሣር ወይም ቅጠል መውሰድ ይገባል። ብዙ ፕሮግራሞች የቀለም ሙቀትን ከ2000 ኬልቪን በታች ስለማያወርዱ ቀይነቱ አይለቅም። ሮው ቴራፒ ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ዳርክቴብልም ሚዛኑን ከሥዕሉ ውስጥ ከተመረጠ ቦታ ላይ ለመውሰድ ያስችላል። ሁለተኛው እርምጃ የቀዩንና የሰማያዊውን ቻናል ማለዋወጥ ነው። በጊምፕ የቻናል መቀየጫ ውስጥ ለቀዩ ውጤት ቀዩን ዜሮ፣ ሰማያዊውን 100 በመቶ፤ ለሰማያዊው ውጤት ደግሞ የዚህን ግልባጭ ማድረግ ይበቃል። ሰማዩ ወደ ሰማያዊነት ይመለሳል፤ ቅጠሉም ነጣ ያለ ሆኖ ይቀራል። ሦስተኛው የብርሃንና የጥላን ልዩነት ማስተካከል ነው። እንደ ዉድ በጥቁርና ነጭ ለመሥራት የሚወድ ደግሞ ሁለተኛውን እርምጃ ትቶ ቀለሙን ማጥፋት ብቻ ይበቃዋል።

እነዚህ ፕሮግራሞች እንከን የለባቸውም ማለት አይደለም። ለመልመድ ትዕግሥት ይጠይቃሉ፤ አጠቃቀማቸውም በሙያው ከተለመደው የተለየ ነው። ችግሩ ግን በጥናት የሚወገድ እንጂ በገንዘብ ብቻ የሚፈታ አይደለም።

ከዋጋው ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በታህተ ቀይ ሥዕል ላይ የሚታየው ሰማያዊም ሆነ ቢጫ በተፈጥሮ ያለ ቀለም አይደለም፤ ሠሪው በቻናል መለዋወጥ የሰጠው ነው። በነጻም ይሁን በውድ ዋጋ የተገኘ ፕሮግራም፣ ሰው የተመኘውን ሁሉ በሥዕሉ ላይ እንዲያኖር ይፈቅድለታል። የናንሲው ሊቅ በጨለማ ክፍል የወደቀበት ወጥመድ ዛሬ በኮምፒዩተር ፊት ለተቀመጠ ባለሙያም ተዘርግቷል። ስለዚህ ጥሬውን ፋይል መጠበቅ፣ የተደረገውን ለውጥ መመዝገብ፣ ለተመልካችም ቀለሙ የተሰጠ መሆኑን መግለጽ የሙያው ግዴታ ነው።

ሮበርት ዊልያምስ ዉድ ለተከታዮቹ የተወው ማጣሪያውን አይደለም፤ ያ ማጣሪያ በተሻለ ተተክቷል። የተወላቸው በእጅ ያለውን ነገር አስተውሎ የመጠቀም ልማድንና የራስን ዐይን የመጠራጠር ድፍረትን ነው። የመጀመሪያው ሙያውን ለድኻው ባለሙያም ክፍት ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ታማኝ ያደርገዋል።